የፋርስ ሣጥንና ግማሽ ዓይን

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ አቧራ መወልወል ነበር።

ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ የሐጂ ኑሩ ሱቅ ነበረች። ሐጂ የወሎ ሰው ነው፤ ከዱባይ ምንጣፍ፣ የመዳብ ትሪና ሥዕል ያለባቸው የፋርስ ሣጥኖች ያስመጣል። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 2016 እንደገባ ነው። ልጄ ከገበያው ማዶ ምግብ ቤት ከፍታ አስመጥታኝ፣ እዚያ ተቀምጬ ሰው ሲበላ እያየሁ እውል ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ምሳውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ፣ "እማማ ጥሩወርቅ፣ እጅዎ ሥራ ፈቶ ከሚውል መጥተው ሣጥኖቼን ለምን አይወለውሉልኝም?" አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

ሣጥን ስላችሁ የልብስ ሣጥን እንዳይመስላችሁ። ትልቁ የዳቦ ቆሎ ጣሳ ቢያህል ነው፤ ትንሹ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ሲያዩት እንጨት ይመስላል፤ ነገር ግን ወረቀት ነው። ወረቀቱ በሙጫ ተደራርቦ ይጣበቅና ሲደርቅ ይሞረዳል፤ ከዚያ ነጭ ይቀባል። በነጩ ላይ ይሳላል። በሥዕሉ ላይ ቫርኒሽ ስስ ስስ እየተደረገ ይደጋገማል። አልቆ ሲያዩት ሥዕሉ ከጠራ ውኃ ሥር የተኛ ይመስላል።

በዚያች ክዳን ላይ አንድ ቤተ መንግሥት ሙሉ ይገባል። ንጉሡ ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተደላድሎ፣ ቆንጆዎች ጽዋ ሲያቀርቡለት። ወፊቱ ለጽጌረዳ ስትዘፍን። አዳኞች ሚዳቋ ሲያሯሩጡ። አንዱ ሣጥን ላይ መኳንንቱ ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው እሩር ይመታሉ። "ይኼማ ገና ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ። ንጉሡም አብሮ ይጋፋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለው የኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ፊታቸውን ግን አልወደድኩላቸውም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። በጎንደር አገር ከደብር ደብር እየዞረ ሲስል ቀለም የምፈጭለት እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት እንኳ ከሥዕሉ ሥር የቅዱሳኑን ስም ሲጽፍ ከጎኑ ሆኜ ነው። በኛ ሥዕል ደንቡ የታወቀ ነው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ በጎኑ ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። ይሁዳም እንደዚያው፣ ሰይጣንም እንደዚያው። እነዚህ የፋርስ ሰዎች ደግሞ ፊታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አንዱ ዓይናቸው ሙሉ፣ ሌላው ከአፍንጫቸው ጀርባ ግማሹ ብቻ ብቅ ብሎ ነው። ንጉሡም፣ ቆንጆዎቹም፣ አሽከሩም።

ከሱቁ ጥግ አጎንብሰው የተሰበሩትን ሣጥኖች የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ኡስታ ከማል ይባላሉ፤ ኡስታ በዐረብኛ የእጅ ሥራ አዋቂ ማለት ነው። አባታቸው ከፋርስ መጥተው ካርቱም የቀሩ፣ እናታቸው ሱዳናዊት። እኔም ባለቤቴ ካረፈ ወዲያ እግሬ አላርፍ ብሎኝ መተማ፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም እያልኩ ስለዞርኩ ዐረብኛው አይቸግረኝም።

"ኡስታ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አጥፍተው ነው ግማሽ ዓይን የተሰጣቸው?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ምንም አላጠፉም፣ ሃጃ። ፍቅር ይዟቸው ነው። ፍቅር የያዘው ሰው ፊቱ ዘንበል ይላል።"

"ፈረሱስ? እሱማ ጭራሽ አንድ ዓይን ነው።"

"እሱ ብሶበታል።"

ሥራዬን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ሃጃ መካ ደርሳ የመጣች ማለት ነው፤ እዚህ አገር ግን ለአሮጊት ሁሉ የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። ክርስቲያን ነኝ ብላቸው፣ "መካ ባትሄጂ ጁባ ደርሰሻል" አሉኝ፤ መጥራታቸውን አልተዉም።

የኡስታ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ግራ ዓይናቸውም ጉም ለብሷል። ቀለም ፈጭቼ እንደማውቅ ሲሰሙ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። በሱዳኖች የዎርክሾፕ ደንብ ከኡስታ በታች ያለው ሰቢ ይባላል፤ ልጅ ማለት ነው። የልጅ ልጅ አይቼ ሰቢ ሆንኩ። ሐጂ ይህን ሲሰማ ለሳምንት ያህል "ያ ሰቢ!" እያለ ነው የጠራኝ፤ አንተ ልጅ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ምራቅ ነበር። ጥጥ በክብሪት እንጨት ጫፍ ይጠቀለላል፤ በምላስ ይረጥባል፤ ከዚያ በቆሸሸው ቫርኒሽ ላይ ሳይፈትጉ ይንከባለላል። ውኃ ወረቀቱን ያሳብጠዋል፣ ሳሙና ቀለሙን ይበላዋል፤ ምራቅ ግን ልኩ ነው። "በርበሬ በልተሽ ከመጣሽ ግን ተጉመጥመጪ" አሉኝ ኡስታ። "ንጉሡ ሚጥሚጣ አልለመደም።"

ብሩሹ ከድመት ጠጉር ነው የሚሠራው። ከዱባይ የመጣው አለቀና ኡስታ ወደ ዓሣ ተራው ላኩኝ። ዓሣ ሻጯ ከድመቷ ደረት ላይ ትንሽ ጠጉር ልቁረጥ ስላት፣ "ሃቦባ፣ ለመድኃኒት ነው?" አለችኝ፤ ሃቦባ አያቴ ማለት ነው። ለሥዕል ነው ስላት አላመነችኝም። በኋላ በዚያ ጠጉር የሠራሁትን ጽጌረዳ ወስጄ አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ "የኔ ድመት ናት ይህን አበባ የሠራችው" እያለች ታወራ ነበር።

ቫርኒሽ የሚቀባው በማለዳ ነው፤ የኮንዮ ኮንዮ አቧራ ሳይነሣ፣ ቆርቆሮው ሳይግል። የተቀባው ሣጥን በተደፋ ሳፋ ሥር ይገባል። ሳፋውን ቶሎ ያነሣ ዝንብ ይገባበታል፤ ከንጉሡ አክሊል ላይ ዝንብ መልቀም ደግሞ ቀላል አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ አንነጋገርም፤ ኡስታ በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔ እሠራለሁ። የቫርኒሹ የተልባ ዘይት ሽታ፣ የዝናቡ ድምፅ፣ የሳቸው ጣት። ዛሬ ድረስ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቀኝ እጄ ብሩሽ ይፈልጋል።

ደንበኞቻችን ዓይነታቸው ብዙ ነበር። የሆቴል ባለቤቶች ለእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ፣ ፈረንጆች ለመሥሪያ ቤታቸው፣ ሙሽሮች ለወርቅ ማስቀመጫ ይወስዱ ነበር። አንድ የአገራችን ሰው፣ ባለሆቴል፣ ሣጥን አምጥቶ፣ "እማማ፣ የንጉሡን ፊት አጥፍተው የኔን ይሳሉልኝ፤ ፎቶ አምጥቻለሁ" አለኝ። ለኡስታ ተረጎምኩላቸው። "ንጉሥ መሆን ካማረው ፈረስ ይግዛ በይው" አሉ። እኔ ለስለስ አድርጌ፣ "ኡስታ ያለውን አይነኩም፤ የሚሞሉት የጎደለውን ብቻ ነው" አልኩት። እውነትም የሳቸው ደንብ ያ ነበር። ሰውዬው ተኮሳትሮ ወጣ፤ ከበር ሲደርስ ግን ዞሮ፣ "ፈረሱ ስንት ያወጣል?" ብሎ አሳቀን።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በከተማው ተኩስ ተነሣ። ሱቁ ተዘጋ። እኛ ልጄ ቤት ወለል ላይ ተኝተን አለፈልን፤ ብዙ ሰው ግን አላለፈለትም። ስንከፍት የሚመጣልን ሥራ ሌላ ሆነ። ድሮ የደረቀ ቫርኒሽ ነበር የምንጠግነው፤ አሁን የተረገጠ፣ የተቃጠለ፣ ጭቃ የጠጣ ይመጣ ጀመር።

ኒያቾል የመጣችው በተከታዩ ዓመት ነው። ጋምቤላ ያደገች ረዥም ሴት፤ አማርኛዋ ከኔ የጠራ። ጀበል ከሚሉት ተራራ በኩል ካለው የተፈናቃዮች መጠለያ ነው የመጣችው። በልጅ ሸሚዝ የተጠቀለለ ሣጥን አወጣች።

"እማማ፣ ጠጋኟ እርስዎ ነዎት?"

"ጠጋኙ ኡስታ ናቸው፤ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል። እስቲ ስጪኝ ልየው፣ ልጄ።"

ክዳኑ ላይ ንጉሥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እጁን ዘርግቷል። ከፊቱ አንዲት ልጅ ተንበርክካ በሁለት እጇ ጽዋ ይዛለች። ንጉሡ ደህና ነው። የልጅቱም ጠጉር፣ ጆሮዋ፣ ሻሿ ደህና ነው። ፊቷ ግን ከግንባሯ እስከ አገጯ ተልጦ ነጩ ወረቀት ወጥቷል።

"ባለቤቴ ሊያገባኝ ሲመጣ ከካርቱም ይዞልኝ የመጣው ነው" አለች። "'ይህ እኔ ነኝ፣ ይቺ አንቺ ነሽ' አለኝ። 'እኔ እንዲህ ነጭ ነኝ?' አልኩት። 'ፀሐይ ስላልመታት ነው፤ ጉዴሌ ትምጣና ታያታለሽ' አለኝ።"

ባለቤቷ በዚያ ሐምሌ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እዚሁ ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ተቃጠለ፤ ፎቶ አልተረፈም፤ የሱ ልብስ አልተረፈም። ሣጥኑን ከደጅ ጭቃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ልጆቿ ጋምቤላ እናቷ ዘንድ ናቸው። ትንሹ አባቱን አያስታውሰውም።

"አውሮፕላን ላይ ቦታ እንዳገኘሁ እሄዳለሁ። አባታችሁ ይህ ነው፣ እኔ ደግሞ ይቺ ነኝ ብዬ የማሳያቸው ሌላ ነገር የለኝም" አለች። ከዚያ በጣቷ ነጩን ነካችው። "ይኸው፣ እሱ አለ፤ እኔ ጠፋሁ።"

በዓለም የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። ሣጥኑን ተቀበልኳት።

ስልክ አልነበራትም። ኡስታ ተኝተዋል። ብቻዬን ጀመርኩ። ጭቃውን በምራቅ ሳነሣ አፌ ደረቀ። የተላጠውን በጠመኔ ዱቄትና በሙጫ እየሞላሁ፣ ሲደርቅ በእርጥብ ጣቴ አስተካከልኩት። ቀለሙን በእንቁላል ለወስኩት። ከዚያ ሳልኳት። ይቺ ባሏ የጠፋባት ሴት በልጆቿ ፊት በግማሽ ዓይን አትቀርብም ብዬ፣ ፊቷን ሙሉ አድርጌ፣ ባለቤቴ ለደጋጎቹ የሚሰጠውን ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጠኋት። አማረችኝ። ቁጭ ብዬ ሳያት እንባዬ መጣ።

ኡስታ ከስተው ተመለሱ። ማጉያ መነጽሩን በደህናው ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩ።

"ሃጃ፣ ይቺ ማንን ነው የምታየው?"

"እኛን።"

"ንጉሡ እጁን የዘረጋው ለማን ነው?"

ሐጂ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና በሳቅ ፈነዳ። "እማማ ጥሩወርቅ! ይቺማ ከጎንደር ግድግዳ የወረደች ናት! ሰውዬው እጁን የዘረጋው መስቀል ሊሳለም ነው እንዴ?"

እኔም ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ ነገሩ ታየኝ። ልጅቱ ጽዋ ይዛ ፊቷን ወደ ገበያው አዙራለች፤ ንጉሡ እጁን ዘርግቶ ብቻውን ቀርቷል። ሁለተኛውን ዓይን ስሰጣት ከሱ ላይ ነጥቄ ነው የሰጠኋት።

ደግነቱ ቫርኒሽ አላስነካሁትም። በእርጥብ ጥጥ ቀስ እያልኩ አነሣሁት። ዓይኖቹ ከጥጡ ላይ ቀሩ።

"ወደ ንጉሡ ፊት አዙሪያት" አሉ ኡስታ። "ጽዋ አቅራቢ ንጉሡን ነው የምታየው። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው።"

እርሳሱን አነሣሁ። ገና ሳላሳርፈው ከደጃፉ ጥላ ወደቀብኝ። ኒያቾል ናት። ቦታ ተገኝቶላታል፤ የምትሄደው ከነገ ወዲያ ነው። ደስ ብሏት ገብታ ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለችና ቆመች።

"እንደገና ጠፋሁ እንዴ?"

እርሳሱን አስቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ዓይኖቹ ያሉበትን ጥጥ ሳይቀር አሳየኋት። ከዚያ ቀድሞውኑ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ ወዴት ታይ ነበር?"

ኡስታ ጥያቄው ገባቸውና ቀድመው፣ "ንጉሡን ነው እንጂ!" አሉ በዐረብኛ።

"ላ፣ ያ ኡስታ" አለች ኒያቾል፤ አይደለም ማለቷ ነው። "ጽዋውን ነበር የምታየው።"

"ጽዋውን?" አሉ ኡስታ።

"ጽዋውን! ባለቤቴ ሲቀልድብኝ የኖረው በዚህ አይደል? 'አየሽ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይንሽ ዕቃው ላይ ነው፤ እኔን አንድ ቀን ቀና ብለሽ አላየሽኝም' ይለኝ ነበር። ስንጣላም እሱኑ ነው የሚያመጣው። እኔም መልስ አጣለሁ።" ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት የዚያን ቀን ነው። ሳቋ ራሷን አስደንግጧት መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ከደነች።

ኡስታ መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት። "ሃጃ፣ እኔም ሁለተኛ ስሕተት ላሠራሽ ነበር" አሉ።

ወንበር ሰጥተን ከጎኔ አስቀመጥናት። በዓሣ ሻጯ ድመት ብሩሽ የሥዕሏን ልጅ ፊት ዘንበል አድርጌ፣ ሽፋሽፍቷን ወደታች ሰበር አደረግሁ። ኒያቾል ትመራኛለች። "ዝቅ... አሁንም ዝቅ። አይ፣ በዛ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። እ... አዎ።" የዓይኗ ጥቁር ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ። ሁለቱም ጽዋው ላይ አረፉ። ኒያቾል ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ቫርኒሹ እንደ ደንቡ እንዲደጋገም ጊዜ አልነበረም። በማግስቱ ማለዳ አንድ ስስ ብቻ ቀባሁት።

"ፊቷ ለምን እንደ ንጉሡ አያበራም?" ብላ ጠየቀች ልትወስደው ስትመጣ።

"ገና ሙሽራ ናት፤ አይዞሽ፣ ታበራለች በይልኝ" አሉ ኡስታ። ተረጎምኩላት።

ቫርኒሹ ገና ስላልደረቀ ሐጂ ክዳኑ የተበሳሳ የምግብ ፕላስቲክ ፈልጎ አመጣ። ሣጥኑን እንዳይነካካ አድርገን አስገባነውና፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጥታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ነጂው ሊፈጥን ሲል "ሽዋያ ሽዋያ!" ስትለው ከሩቅ ሰማኋት። ቀስ በል ማለቷ ነው።

በ2018 ኡስታ ዓይናቸው ጨርሶ ደከመ፤ ልጃቸው ካርቱም ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ፈረስ ያለበትን በጣታቸው ለይተው፣ "ይህ ነው የባሰበት" አሉኝ። ሐጂም ሱቋን ለጫማ ነጋዴ አስተላልፎ ወደ ዱባይ ዞረ። እኔ ወደ ልጄ ምግብ ቤት ተመለስኩ። አልፎ አልፎ የተሰነጠቀ ሣጥን ያመጡልኛል፤ ዓይኔ በፈቀደ እሠራለሁ።

ከጋምቤላ ኒያቾል በልጄ ስልክ ድምፅ ላከችልኝ። እንዲህ ትላለች፦ "እማማ፣ ፊቷ እስካሁን አያበራም፤ ግን ደህና ናት። ለልጆቹ አሳየኋቸው። ትልቋ፣ 'ለምንድነው አባታችንን የማታየው?' አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ መልስ አጣሁ። ትንሹ ሣጥኑን ከእጄ ወስዶ በደንብ አየና፣ 'ቀና ካለች ይፈስባታላ!' አላት።"

ከዚህ በኋላ ያለው ሳቅ ብቻ ነው፤ የሷም፣ የልጆቹም።

እናንተ አሁን ብሩሽ የያዛችሁ ልጆች፣ የተሰበረ ነገር ሲመጣላችሁ ቀለም ከመፍጨታችሁ በፊት ባለቤቱን ምን እንደነበር ጠይቁት። ስልክ ባይኖረው፣ እስኪመጣ ጠብቁት። ባለቤቴ ያስተማረኝ ዓይንም፣ ኡስታ ያስተማሩኝ ዓይንም የዚያ ሣጥን አልነበሩም።